ኩላሊቴን ያስቆጣው ኪኒን

ይህን የምጽፈው ጉልበቱን፣ ወገቡን ወይም ጨጓራውን የሚያመው ሰው እንዲያነበው ነው። በተለይ ብቻውን የሚኖር ሰው። ሐኪም አይደለሁም። ቡሬ ከተማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት የምሠራ፣ ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሴት ነኝ። ስሜ የሺ ነው። የማውቀው በራሴ ላይ የደረሰውን ብቻ ነው፤ እሱን ግን ደህና አድርጌ አውቀዋለሁ።

ባለቤቴ ካረፈ ሁለት ዓመት አልፎታል። አንድ ልጅ አለችኝ፤ ሰላም ትባላለች፣ ሐዋሳ ተቀጥራ ትሠራለች። ባለቤቴ ያረፈ ሰሞን ጎረቤቱም፣ ዘመዱም፣ የሥራ ባልደረባውም ቤቴን ሞልቶት ነበር። ከተዝካሩ በኋላ ሁሉም ወደየኑሮው ተመለሰ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ለሌላው እንዲሁ ነበርኩ። ግን ከሥራ ወጥቼ የቤቴን ቁልፍ ስከፍት ከውስጥ የሚሰማው የራሴ ኮቴ ብቻ ሆነ።

ጉልበቴን ማመም የጀመረኝ በክረምት ነው። መዝገብ ቤታችን ውስጥ የድሮ ተማሪዎች ፋይል ያለው ከታችኛው መደርደሪያ ላይ ስለሆነ በቀን ብዙ ጊዜ እንበረከካለሁ። ከቤቴ ፊት ለፊት መድኃኒት ቤት አለ። የሚሠራበት ሰው ወርቁ ይባላል፤ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ጨዋ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነው። ስነግረው፣ «ለጥቂት ቀን ይሞክሩት» ብሎ ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ሰጠኝ። ሕመሙ ቆመልኝ። ስተወው ተመለሰ፤ እኔም ተመልሼ ሄድኩ። ከወር በኋላ ደግሞ ደረቴ ሥር ያቃጥለኝ ጀመር። «እሱ ኪኒን ጨጓራ ይነካል» አለና ኦሜፕራዞል የሚባለውን የጨጓራ መድኃኒት ጨመረልኝ። ከዚያ በኋላ ሁለቱን አንድ ላይ መዋጥ ለመድኩ።

እውነቱን ልናገር። ወደዚያ ቤት የምሄደው ለኪኒኑ ብቻ አልነበረም። በቀን ውስጥ «እታለም፣ እንዴት ዋሉ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ወርቁ ብቻ ነበር። ጉልበቴ ባልታመመበት ቀንም እሄዳለሁ። ትንሽ ቆመን ስለ ዝናቡ፣ ስለ መብራት መጥፋት እናወራለን። ባዶ እጄን መመለስ ስለሚያሳፍረኝ አንድ እሽግ እገዛለሁ። ከገዛሁት ደግሞ እውጠዋለሁ።

ጥር ላይ ሰውነቴ ከዳኝ። መጀመሪያ ድካም ነው ያልኩት። ሦስት ደረጃ ወጥቼ ቢሮዬ ስደርስ ግድግዳ ይዤ አርፋለሁ። ምግብ አፌ ውስጥ ብረት ብረት ይላል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቀለል ያለ ትኩሳት ይመጣብኛል። ከዚያ ክንዴና ሆዴ ላይ ቀያይ ሽፍታ ወጣ፤ ያሳክከኛል። ጎረቤቴ አይታ «ምች ነው» አለችኝና ዳማከሴ አሽታ ሰጠችኝ። ጠጣሁት። ምንም አላደረገልኝም።

ከተማው ውስጥ ያለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ወረፋው ረጅም ነበር፤ አግዳሚው ላይ ከጎኔ የተቀመጡት አንድ ገበሬ ራሳቸው ያተኩሳቸው ነበር፣ ግን ጋቢያቸውን ገፋ አድርገው ግማሹን ጭኔ ላይ ጣል አደረጉልኝ። «ትንቀጠቀጫለሽ ልጄ» አሉኝ። ደም ሰጠሁ። ውጤቱ «ታይፎይድ ከነታይፈሱ» ተባለ። በየቀኑ እየሄድኩ መርፌ ተወጋሁ። መርፌው አለቀ፣ ትኩሳቱ ግን አልሄደም።

ሁለተኛ ክሊኒክ ሄድኩ። እዚያ ሽንቴ ተመረመረና ነጭ የደም ሴል በብዛት ተገኘ። «የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው» ብለው ሌላ ኪኒን አዘዙልኝ። ሽንቴ አነስ እያለ አረፋ አረፋ ይል ጀምሮ ስለነበር እኔም አመንኩ። ከታዘዘልኝ ጋር የጉልበቱንም የጨጓራውንም እውጣለሁ። ሁለቱም ክሊኒክ ሌላ ምን እንደምወስድ የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔም አልተናገርኩም።

ቀሚሴ ሰፋኝ። ጠዋት ጠዋት ግን ፊቴ ያብጣል። ቢሮ ውስጥ ያሉት ሰዎች በሐሳባቸው የሆነ በሽታ ሰጡኝ መሰለኝ፣ ወሬያቸውን እኔ ስገባ ያቆማሉ። አብራኝ ምሳ የምትበላው ጸሐፊ «ዛሬ ቤት ደርሼ እመጣለሁ» ማለት አበዛች። ሰላም በስልክ ስትጠይቀኝ «ጉንፋን ነው» እላታለሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለረጅም ጊዜ እጄ ላይ እንደያዝኩት እቀመጣለሁ። መልሼ ደውዬ እውነቱን ልነግራት አስብና ምን ታደርግልኛለች ብዬ እተወዋለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ቄስ ናቸው፤ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ያገለግላሉ። እኔ አያ እላቸዋለሁ። የካቲት መጀመሪያ ላይ ለሌላ ጉዳይ ቡሬ መጥተው በሬን አንኳኩ። ስከፍትላቸው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሆንሽው?»

«ደህና ነኝ አያ፣ ትንሽ ትኩሳት ነው።»

«ልብስሽን ያዢ» አሉ። አልተቀመጡም እንኳ።

ይዘውኝ ሄዱ። ከቤታቸው አጠገብ ባለው ጠበል ሰባት ቀን ተጠመቅሁ። ችኮላ ስለነበር የኪኒን ከረጢቴን ቡሬ ረስቼ ነው የሄድኩት። ወንድሜ በማለዳ ቀስቅሰው ያደርሱኛል፤ ሚስታቸው የገብስ አጥሚት ትሠራልኛለች። ሁለቱም ተንከባከቡኝ። ግን እነሱ ወደ እርሻቸውና ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ሲሄዱ እኔ ደጅ ተቀምጬ፣ የሰው ቤት ውስጥ ተኝቼ የምውል ሸክም መስዬ ይታየኝ ነበር። በአምስተኛው ቀን ግን አጥሚቱ ጣመኝ። ሽፍታው ደበዘዘ። ትኩሳቱም ቀረ። ወንድሜ ደስ አላቸው፤ እኔም ድኛለሁ ብዬ ወደ ቡሬ ተመለስኩ።

ቡሬ ስገባ ጉልበቴ አመመኝ። ከረጢቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሁለቱንም ዋጥኩ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ተመለሰ፣ ሽፍታው ከበፊቱ ብሶ አንገቴ ድረስ ወጣ፣ የጠጣሁትን ውኃ ሁሉ አስመልሰው ጀመር። ሽንቴ በቀን አንድ ብርጭቆ የሚሞላ አልሆነም። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞትን አሰብኩ። የፈራሁት ግን ሞቱን አልነበረም። ብሞት የሚያውቀው ሰው እስኪመጣ ስንት ቀን ይፈጅ ይሆን እያልኩ ነበር የምፈራው። ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

መጥተው ፍኖተ ሰላም ወስደው ሆስፒታል አስገቡኝ። ካርድ አውጥተን ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ያየችኝ ሐኪም ወጣት ሴት ናት፤ ልጄን ትሆናለች። ዓይኔን፣ እግሬን፣ ሽፍታውን ተራ በተራ አየች።

«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» አለችኝ።

«የለም» አልኳት።

ልዋሻት አልነበረም። ለታይፎይዱና ለሽንቱ የታዘዘልኝ አልቋል። የጉልበቱና የጨጓራው ኪኒን ደግሞ ለእኔ መድኃኒት አልነበረም፤ እንደ ጨው የቤት ነገር ሆኖብኝ ነበር።

የደም ምርመራው ውጤት ሲመጣ ሐኪሟ ወረቀቱን ደጋግማ አየችው። ክሬያቲኒን የሚባል፣ ኩላሊት አጣርቶ ማስወጣት ያለበት ቆሻሻ ደሜ ውስጥ ተጠራቅሟል። ከአንድ እምብዛም ማለፍ የሌለበት ቁጥር የእኔ ስድስትን አልፎ ነበር። ወንበሯን አቀረበችና እንደገና ጠየቀችኝ።

«እትዬ የሺ፣ ሐኪም ያላዘዘልዎትም ቢሆን፣ ከሱቅ የገዙትም፣ ጎረቤት የሰጠዎትም፣ ቅጠልም ቢሆን፣ በአፍዎ የገባውን ሁሉ ይንገሩኝ። አልቆጣዎትም።»

ከዕቃዬ መካከል የኪኒን ከረጢቴን አውጥቼ ከፈትኩ። እሽጎቹን አንድ በአንድ እያወጣች ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ስንት ወር እንደወሰድኩ፣ በቀን ስንት እንደሆነ ጻፈች። ቀጥላ «ከታመሙ ወዲህ እነዚህን አቋርጠው ያውቃሉ?» አለችኝ።

እኔ ማሰብ ስጀምር ወንድሜ ቀደሙኝ። «ጠበሉ ላይ ሳለች ከረጢቱ ቡሬ ቀርቶ ነበር። ያን ሰሞን ደህና ሆና ነበር።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ስትመለሽ... ይቅርታ፣ ሲመለሱ መልሰው ጀመሩ?»

«በዚያው ቀን።»

ከዚያ በኋላ ያስረዳችን እንደገባኝ ልናገር። የአንዳንድ ሰው ሰውነት አንድን መድኃኒት እንደ ጠላት ይቆጥረዋል። ጠቡ ኩላሊት ውስጥ ይሆንና ሽንት በሚሠሩት ቀጫጭን ቱቦዎች መካከል ያለው ሥጋ ተቆጥቶ ያብጣል። ያን ጊዜ ኩላሊት ማጣራቱን ይተዋል። ትኩሳቱም፣ ሽፍታውም፣ ሽንት ላይ የታየው ነጭ የደም ሴልም ከዚያ የመጣ ነው። ጀርም ቢፈለግ ስለሌለ አይገኝም። የሕመም ማስታገሻም፣ የጨጓራ መድኃኒትም፣ አንዳንድ የጀርም መድኃኒትም ይህን ሊያመጣ ይችላል። በሁሉም ሰው ላይ አይደርስም፤ ማን ላይ እንደሚደርስ ግን አስቀድሞ አይታወቅም። «ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ በርግጠኝነት ልነግርዎ አልችልም» አለችኝ። «ስለዚህ ሁሉንም ዛሬ እናቆማለን።»

ወንድሜን ቀና ብዬ አየኋቸው። የጠበሉን ነገር ሐኪም በሌላ ስለተረጎመባቸው ቅር ያላቸው መሰለኝና ተጨነቅሁ። እሳቸው ግን ቀስ ብለው፣ «ሰባት ቀን ሙሉ ያን ከረጢት ያስረሳት ማን ይመስልሻል?» አሏት።

ሐኪሟ ፈገግ አለች። «እሱን እኔ አላውቅም አባቴ። ለእኔ ግን ትልቅ ማስረጃ ሆኖልኛል።»

አልትራሳውንድ ተነሳሁ። ኩላሊቶቼ አብጠዋል እንጂ አልተኮማተሩም። ሐኪሟ ይህን ስታይ ፊቷ ፈካ፤ የቆየ በሽታ ቢሆን ኖሮ ይኮማተሩ ነበርና። በሽታውን ለማረጋገጥ በመርፌ ከኩላሊት ትንሽ ሥጋ ወስዶ ማየት እንደሚያስፈልግ፣ እሱ ግን እዚያ እንደማይሠራ ነገረችን። ባሕር ዳር ካለ የኩላሊት ሐኪም ጋር በስልክ ተማከረች። ጥቂት ቀን ተጠብቆ ካልተሻለኝ ወደዚያ ልላክ፣ ምናልባትም የኩላሊት እጥበት ሊያስፈልገኝ እንደሚችል ተነገረኝ። እጥበት የሚለውን ቃል ስሰማ ጆሮዬ ውስጥ የሆነ ነገር ጮኸ። ከዚያ በኋላ የተናገሩትን አልሰማሁም።

አልጋ ይዤ ተኛሁ። ወንድሜ ሁዳዴ ስለገባ፣ ለቅዳሴውም ከእሳቸው ሌላ አንድ ቄስ ብቻ ስላለ መመለስ ነበረባቸው። ሲሄዱ እጄን ይዘው፣ «ሐኪሞቹ ያዘዙሽን ብዪ፣ ጠጪ። ጾሙን እኔ እጾምልሻለሁ» አሉኝ።

ከሰዓት ነርሷ መዝገብ ይዛ መጣች። «አስታማሚዎ ማን ነው?»

«ይመጣል» አልኳት።

«ስሙን?»

የምነግራት ስም አጣሁ። እሷም ገባት መሰለኝ፣ ቦታውን ባዶ ትታ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች። በሕመሜ ዘመን ሁሉ የከበደኝ ያ ነው። ከጎኔ የተኙትን ሽማግሌ ሊጠይቅ የሚመጣው ሰው አልጋውን ከብቦ ይቆማል፤ የሚበላው በየአገልግሉ ይመጣል። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ የተኛሁ አስመስላለሁ።

የሽማግሌው ሚስት ጥሩወርቅ ይባላሉ፤ የገጠር ሴት ናቸው። በቀን የምጠጣውና የምሸናው በመለኪያ እንዲያዝ ታዞልኝ ነበር፤ እኔ ግን ስነሳ ያዞረኛል። በማግሥቱ ጥሩወርቅ ሳልለምናቸው ሽንቴ ያለበትን መለኪያ ከአልጋዬ ሥር አንስተው ወጡ። ደነገጥኩ። «ተዉት እትዬ፣ እርስዎ እንዴት ይህን...»

«የሰው ነው፣ የሌላ ፍጥረት አይደለም» አሉኝና ሄዱ። ማንበብና መጻፍ አይችሉም። ስለዚህ መለኪያው በሽንት አንዴ በሞላ ቁጥር አንድ ሽምብራ ጣሳ ውስጥ ይጥላሉ። ጠዋት ነርሷ ስትመጣ ሽምብራውን ይቆጥሩላታል። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ነበር። በሦስተኛው ቀን አራት።

የደሜ ቁጥር ግን ኪኒኖቹን ካቆምኩ በኋላም አልወረደም። ስለዚህ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ቁጣውን የሚያበርድ መድኃኒት ተጀመረልኝ። ብዙ ፍሬ ነው፤ ጠዋት በአንዴ ይዋጣል። ኪኒን ያሳመመኝን ሴት ሌላ ኪኒን እፍኝ ሙሉ ሲሰጡኝ መልሼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሐኪሟ እስክውጠው ቆማ ጠበቀችኝ።

ሰላም የሰማችው ከወንድሜ ነው። ስትደውል አለቀሰች፤ ቀጥላ ተቆጣች። በሁለተኛው ቀን ደረሰች። ያበጠ ፊቴን ስታይ ቦርሳዋን እንደያዘች በር ላይ ቆመች።

«ጉንፋን ነው ያልሽኝ ይሄ ነው?»

«ሥራሽን እንዳትፈቺ ብዬ ነው።»

«እማዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ደህና ነኝ ትይኛለሽ።» አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔም ደህና ነኝ ስትይኝ ማመኑ ይቀለኝ ነበር። ደግሜ አልጠየቅሁሽም» አለች።

ይህን ከእሷ ባልሰማ እመርጥ ነበር። ግን ከዚያ ወዲህ እኔና እሷ የምናወራው ሌላ ወሬ ሆኗል።

መድኃኒቱ በተጀመረ በአራተኛው ቀን የደሜ ቁጥር ወደ አራት ወረደ። ከዚያ ሦስት። የጥሩወርቅ ጣሳ ውስጥ ያለው ሽምብራ ዘጠኝ የደረሰ ቀን እሳቸው ለነርሷ ሳይሆን ለክፍሉ ሰው ሁሉ ነበር የቆጠሩት። ሽማግሌው ባለቤታቸው ከእኔ ቀድመው ወጡ። ሲሄዱ አድራሻ አልተለዋወጥንም፤ ስልክም የላቸውም። ስማቸውን ግን በጸሎቴ እጠራለሁ።

እኔም ወጣሁ። ፕሬድኒሶሎኑን በየጊዜው እየቀነስኩ ከሁለት ወር በላይ ወሰድኩት። በድንገት መቆም እንደሌለበት አጥብቀው ነግረውኛል። እንቅልፍ ይነሳል፤ ፊት እንደ ጨረቃ ያከባል፤ ቢበሉ አያጠግብም። ሰላም ወደ ሐዋሳ ልውሰድሽ ብላ ለመነችኝ፤ እንቢ አልኳት። ተኳረፍን። ሄደች። ቤቴ እንደገና ባዶ ሆነ። አሁን ግን በየቀኑ ትደውላለች፤ «ደህና ነኝ» ስላት «ምን በላሽ? ምን ዋጥሽ?» ትለኛለች።

ወርቁ ጋ ለመሄድ ብዙ ቀን አቅማማሁ። አንድ ቀን ገባሁና ሆስፒታል የተጻፈልኝን ወረቀት ሰጠሁት። የማልወስዳቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ነው። አነበበው። ከባንኮኒው ኋላ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«እኔ ነኝ ማለት ነው» አለ።

«አንተ ለጥቂት ቀን ነበር ያልከኝ።»

«ሁለተኛ ሲመጡ መጠየቅ ነበረብኝ። ሦስተኛ ሲመጡ መከልከል ነበረብኝ። አልከለከልኩም፤ ያመዎታል ብዬ።»

«ሁልጊዜ አሞኝ አልነበረም የምመጣው» አልኩት። ወረቀቱን አጥፎ ሲመልስልኝ «ከእንግዲህ እንዲሁ ይምጡ» አለኝ። እሄዳለሁ። ቆሜ ሳለሁ የሚገዛ ሰው ሲመጣ «ይህን ከጀመሩ ስንት ጊዜዎ ነው? ሌላ ምን ይወስዳሉ?» እያለ ሲጠይቅ እሰማዋለሁ። አንዳንዱ ይናደድበታል።

የመጨረሻ ቀጠሮዬ ዕለት ብቻዬን ፍኖተ ሰላም ሄድኩ። ቁጥሬ አንድ ነጥብ አራት ሆኗል። ኩላሊቴ ሙሉ በሙሉ እንደ ድሮው አይሆንም፤ በየጊዜው መታየት አለብኝ። ግን እጥበት የለም። ሐኪሟ ጨበጠችኝ። መናኸሪያ ሄጄ ወደ ቡሬ የሚሄድ ሚኒባስ እስኪሞላ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ሰላም ሥራ ላይ ናት፤ ስልኳን አላነሳችም። ወንድሜ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ደስታዬን የምነግረው ሰው ፈለግሁ። ከጎኔ አንዲት በዕድሜ የምታንሰኝ ሴት ከነዕቃዋ ተቀምጣለች። ሳልተዋወቃት፣ «ኩላሊቴ ተሽሎኝ ከሆስፒታል መውጣቴ ነው» አልኳት።

«እሰይ፣ እግዜር ይመስገን» አለች። «ምን አግኝቶት ነበር?»

ነገርኳት። ስነግራት ፊቷ እየተለወጠ መጣ። የመቀነቷን ጫፍ ፈታችና በላስቲክ የተጠቀለለ የኪኒን እሽግ አወጣች። «እኔም ለወገቤ ይህን እውጣለሁ» አለች። «ከጀመርኩት ቆየሁ። ሰሞኑን ደግሞ ያሳክከኛል።»

እሽጉን ተቀብዬ ስሙን አነበብኩ። ረዳቱ «ቡሬ፣ ቡሬ፣ ሁለት ሰው» እያለ ይጣራ ነበር። ሴትዮዋ ወደ መኪናው ተመለከተች፤ መልሳም ወደ እኔ።

«ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው?» አለችኝ።

«በእግር ያደርሳል» አልኳት። አንድ ዕቃዋን እኔ ያዝኩላት። አብረን ተነሣን። መኪናው ያለ እኛ ሄደ።